የአራጋው ካብ

ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው ስልክ አይሰማም። ወልድያ ገበያ ጀርባ ባለችው ወፍጮዬ የሰው በርበሬና ሽሮ ስፈጭ ስውል ኪሴ ውስጥ ቢጮህም ባይጮህም ለእኔ ያው ነው፤ ልጆቼ እንኳ በዚህ ተስፋ ቆርጠዋል። ባለፈው ሳምንት ግን መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ቆሞ ነበርና ሰማሁት። የደወለው መርሳ ያለው በላይ ነው፣ የድሮ ጎረቤታችን የእትዬ ትርንጎ የእህት ልጅ። በላይ ለዓመት በዓል ካልሆነ ደውሎልኝ አያውቅም። በአዘቦት ቀን ድምፁን ስሰማ ከዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ ትርንጎ ማረፋቸውን ነገረኝ። ቀብሩ በማግስቱ ነው። ነፍስ ይማር አልኩ። ዕድሜ ጠግበው፣ ቆርበው፣ በአልጋቸው ላይ ነው የሞቱት፤ በእኛ አገር ይሄ ራሱ መታደል ሆኗል። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን በላይ የደወለበትን ዋናውን ጉዳይ ገና አላወጣውም ነበር።

የቀዬው ሽማግሌዎች የአራጋውን እርም ከእናቱ ቀብር ጋር አንድ ላይ እናውጣ ተባብለዋል አለኝ። አራጋው የእትዬ ትርንጎ አንድ ልጅ ነው፤ በወጣትነታችን፣ በደርጉ ዘመን፣ በሰሜኑ ጦርነት ገብቶ የቀረ። እናቱ በሕይወት ሳሉ አሻፈረኝ ስላሉ እስከ ዛሬ አልተለቀሰለትም። አገር ቤት እንዲህ ነው፤ ሬሳው ያልተገኘ ሰው እርሙ እስኪወጣ ድረስ ሞተ አይባልም፣ እርሙ ከወጣ በኋላ ደግሞ ይመጣል ተብሎ አይጠበቅም። አሁን የሚከለክል የለም። የቸገራቸው መርዶ ነጋሪ ነው። ሞቷል ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ሳይኖር እንዴት ይለቀሳል?

"እትዬ የሺ፣ ካቡን ያዩት አንቱ ነዎት" አለኝ በላይ። "ከነዚያ ሰዎች የቀሩት አንቱ ብቻ ነዎት። ነገ መጥተው አንድ ቃል ይበሉን ብለዋል።"

እሺም እምቢም ሳልል ዘጋሁት። መብራት መጣ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ሴቶቹ ወረፋቸውን ያዙ። እኔ ግን የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ፤ የአንዷን ሽሮ ለሌላዋ ሰጥቼ ስንጨቃጨቅ ዋልን።

ያኔ በወጣትነታችን የምንኖረው ከመርሳ ከፍ ብሎ በተራራው ሥር ነበር። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከታች መንገዱ፣ ማንጎውና ሸንኮራው፣ ከላይ ድንጋይ። አፈር በእኛ በኩል እንግዳ ነው፣ ካልያዙት ይሄዳል። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ጠራርጎ ለቆላው ሰው ይሰጠዋል፤ እነሱ ሲመርቁን እኛ ስንራገም ኖረናል። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ ወንድ ሴቱ፣ እስላም ክርስቲያኑ ተራራው ላይ ወጥቶ የድንጋይ እርከን ይሠራል። ለሥራው ስንዴና ዘይት ይሰፈርልን ስለነበር ሥራውን ራሱን "ስንዴው" ነበር የምንለው። "ስንዴው ነገ የት ነው?" ይባላል፣ "ስንዴው ነገ ከወይራዋ በላይ ነው" ይባላል። የመጣ እንግዳ ሰምቶ እርሻ ያለን ይመስለው ነበር።

ካቡን የሚመሩት አያ ይመር ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም፤ ድንጋዩን እንደ ሰው ነበር የሚሰድቡት። ድንጋይ ፊት አለው፣ ጅራት አለው ይላሉ። ፊቱን ለመንገደኛ ታሳየዋለህ፣ ጅራቱን ለተራራው ታስነክሰዋለህ። አንዱ ድንጋይ በሁለት ላይ ይተኛል፣ በመሐል የቀረችው ክፍተት በሽብልቅ ትጠብቃለች፤ ሽብልቅ የምንለው ስስ ስባሪ ድንጋይ ነው። ካቡ ወደ ተራራው ጥቂት ያዘነብላል፣ ከሥሩም ውሃ መውጫ ይተውለታል። ውሃ መውጫ የሌለው ካብ በመጀመሪያው ዶፍ ሆዱ ተነፍቶ ይፈነዳል። ጭቃ የለ፣ ሲሚንቶ የለ፣ ድንጋይ በድንጋይ ተይዞ ነው የሚቆመው።

ወንዶቹ ይክባሉ፣ ሴቶቹ እናቀብላለን። እኔ የአራጋው አቀባይ ነበርኩ። አራጋው ግራኝ ስለሆነ ሽብልቁን ሁልጊዜ ከግራ ነው የሚያስገባው። ውሃ መውጫውን ደግሞ ሰው ሁሉ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲከድነው እሱ ሁለት ድንጋይ እንደ ጎጆ ራስ አደጋግፎ ነበር የሚከድነው። ይሄ ጥሩ ጥሩውን ድንጋይ ይፈጃል። አያ ይመር በመጡ ቁጥር "ደግሞ ቤተ መንግሥትህን ሠራህ?" ብለው ይቆጡታል፤ እሱ ይስቃል፣ መልሶ ያንኑ ይሠራል። እኔም ለዚያች ጎጆ የሚሆኑ ሁለት እኩያ ድንጋዮች ፍለጋ ተራራውን ስዞር እውላለሁ። ወድጄው ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ወድጄው ነበር። ላልወደዱት ሰው ድንጋይ ተመርጦ አይቀርብም። እሱ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠን የሽምብራ ቆሎ ስንቆረጥም፣ "የሺ፣ ባልሽንም እንዲህ አገላብጠሽ የምታይ ከሆነ ቆመሽ መቅረትሽ ነው" አለኝ። ቆሎውን ፊቱ ላይ በተንኩበት።

ከዚያ ታፈሰ። በዚያ ዘመን የገበያ ቀን ለወጣት ወንድ ክፉ ቀን ነበር። ፍየል ሊሸጥ መርሳ ወርዶ በዚያው በካሚዮን ጫኑት። ፍየሏ ለብቻዋ መንገዱን ይዛ፣ ገመዷን እየጎተተች፣ ወደ ቤት ተመለሰች፤ እትዬ ትርንጎ ልጃቸው መታፈሱን ያወቁት በእሷ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልመጣም። ጓዶቼ ናቸው የሚል ወታደር አልመጣ፣ አየሁት የሚል ነጋዴ አልመጣ።

በሁለተኛው ዓመት ጦርነቱ ራሱ ወደ እኛ መጣ። ጦሩ ተራራችን ላይ ሊመሽግ ነው ሲባል ቀዬውን ለቀን ወደ ግራና ከተማ በኩል ሸሸን፤ ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት፣ የሌለው ዋርካ ሥር። እትዬ ትርንጎ በራቸውን በገመድ ጠፍረው አስረው ወጡ። የተራራችንን ተኩስ ከሩቅ እየሰማን፣ የሰው ማሽላ ለምነን እየበላን ሰነበትን። የተመለስነው ተኩሱ ጸጥ ካለ በኋላ፣ ፋሲካ ካለፈ ወዲያ ነው።

ቤቶቹ እንደ ነገሩ ቆመዋል። ተራራው ግን የእኛ ተራራ አልመስል አለን። ወታደር ምሽግ ሲሠራ ድንጋይ ከየት ያመጣል? ከእርከናችን ነዋ። እኛ እየመረጥን የካብነውን እየነቀለ ከላይ ሸንተረሩ ላይ እንደ በረት አጥር ዙሪያውን ከምሮታል። እርከኑ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ሆኗል። ግንቦት ገብቶ ነበር፤ ይሄ ሳይጠገን ሐምሌ ከደረሰ ከእርሻችን የሚተርፍ አፈር የለም። እህሉም አልቆ ነበር፣ ዘመድንም አሰልችተን ነበር። አፈሩ ከሄደ መሰደድ ነው።

ስንዴ የሚሰፍር ደግሞ ጠፋ። ያኔ መንግሥታችን የቱ እንደሆነ ራሱ የሚያውቅ አልነበረም። አያ ይመር ሰውን ሰብስበው የሚከፍልም የሚያስገድድም የለም፣ ልቡ የፈቀደ ነገ ይውጣ አሉ። ሁሉም ወጣ። ስንዴ እየተሰፈረለት ይለግም የነበረው ሁሉ ያን ጊዜ ሲሠራ ብታዩት ትገረማላችሁ። አርብ ለእስላሞቹ፣ እሑድ ለእኛ ሆነ፤ የቅዱሳኑ ቀን ሲጨመርበት ለድንጋይ የሚተርፈው ቀን ጥቂት ነው። አያ ይመር "ይሄ ታቦታችሁ ከዝናቡ ጋር ተማክሯል እንዴ?" እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ስንቃችን የማሽላ ቂጣና ንፍሮ ነው፣ ያውም ጨው የሌለው።

ትልቁ ፍርሃታችን አውሮፕላን ነበር። የተሰበሰበ ሰው ካየ ይደበድባል ስለሚባል ነጭ ልብስ ተራራ ላይ አይወጣም ተባለ። ሴቶቹ ነጠላችንን በጭቃና በቅጠል ዘፍዝፈን አጠቆርነው። እንዲያ ሆነን ስንታይ አገሩ በሙሉ ሐዘን የተቀመጠ ይመስል ነበር፤ ማን እንደሞተባት፣ ማን እንዳልሞተባት መለየት አይቻልም። እትዬ ትርንጎ ብቻ አላጠቁርም አሉ። ጥቁር የምለብሰው ለማን ነው ብለው ጠየቁ። ስለዚህ ተራራ እንዳይወጡ ተደርጎ ከታች ሆነው ውሃ እየቀዱ ይልኩልን ነበር።

ምሽጉን ከአንድ ጫፍ እየናድን ድንጋዩን ወደየእርከኑ እንመልሳለን። ወታደር የካበው ካብ አይባልም፣ ቁልል ነው፤ ነካ ሲያደርጉት ይንኮታኮታል። መድፍ መትቶትም ግማሹ ቀድሞ ፈርሷል። በጭስ የጠቆረ ድንጋይ፣ የተጨማደደ ጣሳ፣ የጥይት ቀለሃ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ደግሞ ዝንብ። የዝንቡን ነገር ማንም አንስቶ አላወራም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከወይራዋ አጠገብ ካለችው ጥግ ደረስንና እጄ ቀጥ አለ።

ያች ጥግ አልፈረሰችም። ቁመቷ እስከ ደረት ነው፣ ርዝመቷም ብዙ አይደለም። ዝቅ ብዬ አየኋት። መሠረት ተቆፍሮላታል። ለጥይት መከለያ ማን መሠረት ይቆፍራል? ድንጋዮቹ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ አስነክሰዋል። ሽብልቆቹ ሁሉ ከግራ ገብተዋል። ከሥር ደግሞ ሁለት እኩያ ድንጋዮች እንደ ጎጆ ራስ ተደጋግፈው ውሃ መውጫ ከድነዋል። ምሽግ ውስጥ ውሃ መውጫ። አለቃው ምሽግ ሥራ ብሎት ይሆናል፤ እጁ ግን የሚያውቀው እርከን ብቻ ነው፣ እርከን ሠራ።

አያ ይመርን ጠራኋቸው። መጥተው ተንበረከኩ፣ ሽብልቆቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ውሃ መውጫውን አዩ። ከዚያ "ቤተ መንግሥቱን ሠራ" አሉና ፊታቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። አንዱ ሰው፣ ግራኝ እኮ በአገሩ ሞልቷል ቢል በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ። እነዚያን ሁለት ድንጋዮች የሚፈልግ ሰው ስንት ይኖራል?

አራጋው እዚህ ነበር። እዚህ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ የእናቱ ቤት ይታየዋል፣ ከዚያ ላይ የጣራው ሣር እንኳ ይለያል። እኛ ግን ሸሽተናል። ያየው ጭስ የሌለው ቤትና በገመድ የታሰረ በር ነው። ምን ብሎ አሰበ? ሞተዋል ብሎ ይሆን?

ለእናቱ መነገር ነበረበት። አያ ይመር ተጨነቁ። መርዶ ቢሆን ወግ አለው፣ የምሥራችም ቢሆን ወግ አለው፣ ይሄን ምን ብዬ ነው የምነግራት እያሉ ወረዱ። እንዴት እንደነገሯቸው አላውቅም። እኔ ያየሁት እትዬ ትርንጎ ያን ነጭ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ተራራውን ሽቅብ ሲይዙት ነው። አያ ይመር ከኋላ እየሮጡ ይጣራሉ፣ እሳቸው አይሰሙም።

እኩሌታው ላይ ሲደርሱ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። ሁላችንም ድንጋይ መሐል ተጋደምን። እሳቸው አልቆሙም፤ በዚያ ግራጫ ተራራ ላይ ከሩቅ የሚታይ ነገር ቢኖር እሳቸው ነበሩ። የጠጠር መሸከሚያ ጆንያዬን ይዤ ሮጥኩና ላያቸው ላይ ጣልኩት፣ አብረን ወደቅን። ልባቸው ከጆንያው ሥር ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ድምፁ በላያችን አልፎ በወልድያ በኩል ጠፋ። ተነሱና አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ "የት ነው?" አሉኝ።

ወሰድኳቸው። ካቡን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳበሱት። ክንዳቸውን በውሃ መውጫው እስከ ክርናቸው አስገቡ። እሱ ነው አሉ። አላለቀሱም። ዙሪያውን የፈራረሰውን ቁልል አዩ፣ እንደገና ካቡን አዩና ወደ እኛ ዞሩ።

"ሌላው ሁሉ ሲፈርስ ይሄ ቆሟል" አሉ። "ካቡ ከቆመ ከኋላው የነበረ ሰው ምን ይሆናል? ልጄ አለ።"

ከወጣቶቹ አንዱ መድፍ እኮ ከላይ ነው የሚወርደው ሊል አፉን ሲከፍት አያ ይመር ክንዱን ጨብጠው አስቆሙት።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ ትርንጎ ይሄ ካብ አይነካም አሉ። ያልተጠገነው እርከን ደግሞ በቀጥታ ከእሳቸው ማሳ በላይ ያለው ነው፤ ሌላውን ሁሉ ደፍነን ለእሱ የቀረን የዚያች ጥግ ድንጋይ ብቻ ነበር። ተራራ ሙሉ ድንጋይ እያለ ትሉ ይሆናል። ፊትና ጅራት ያለውን ድንጋይ ከአለት ፈልጦ ማውጣት ግን የወራት ሥራ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ማጉረምረም ጀምሯል። የእኔ ማሳ ይሂድ አሉ። የእሳቸው ሲሄድ ከሥር ያሉት ጎረቤቶች ማሳም አብሮ ይሄዳል፣ ጎርፍ ወሰን አያውቅም። ሰው እየመጣ ለመናቸው፣ እሳቸው ጀርባቸውን ለካቡ ሰጥተው ተቀምጠዋል። እኔ ልብ አላገኘሁም፣ ልለምንም ልደግፍም አልቻልኩ። አፈሩ እንዲተርፍ እፈልጋለሁ፣ ካቡም እንዳይነካ እፈልጋለሁ።

በመጨረሻ አያ ይመር አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ትርንጎ፣ ልጅሽን ካብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ" አሏቸው። "ሞት እየጠበቀ እንኳ ውሃ መውጫ የተወ ልጅ ነው። ወላሂ፣ አፈርሽ ሲሄድ ቢያይ ምን ይልሻል?"

እትዬ ትርንጎ ተነስተው ወረዱ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሁላችንንም ቀድመው ከወይራዋ ሥር ተገኙ። በብብታቸው አንድ የታጠፈ ነጠላ ይዘዋል። ይፍረስ አሉ፤ ግን እንዳለ ወደ ማሳዬ ይምጣ፣ አንድ ድንጋይ ቦታውን ሳይስት፣ ለልጄ ታቀብል የነበረችው እሷው ታቀብል።

ካብን እንዳለ ማዛወር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከላይ ያለው ድንጋይ ሲናድ መጀመሪያ ይነሳል፣ ሲካብ ግን መጨረሻ ነው የሚገባው። ስለዚህ እያነሳን ሣሩ ላይ በረድፍ በረድፉ አስተኛነው፣ ሽብልቁን ከየድንጋዩ ጎን አድርገን። ማንም አፍ አውጥቶ ያልተናገረው አንድ ፍርሃት ነበር። በጦር ሜዳ የወደቀን ሰው ጓዶቹ ባለበት አፈር አልብሰውት ድንጋይ ይከምሩበታል። በእትዬ ትርንጎ ብብት ያለው ነጠላ ውሃ ያልነካው አዲስ ነው። ለምን እንዳመጡት የጠየቃቸው የለም። ወደ ታች በቀረብን ቁጥር እኔ ድንጋዩን ሳነሳ ዓይኔን እጨፍን ነበር።

የመጨረሻው የመሠረት ድንጋይ ሲነሳ አያ ይመር ዲጅኖውን አንስተው መሬቱን ወጉት። ነጠረ። ሌላም ቦታ ወጉ፣ ያው ነው። ያልተነካ አፈር ነው አሉ። ከሥሩ ምንም የለም፣ ቀለሃ እንኳ የለም። እትዬ ትርንጎ ተመስገን ብለው ነጠላቸውን እንደታጠፈ ይዘው ቆሙ። ማልቀስ የጀመርኩት ያን ጊዜ እኔ ነኝ። ምን እንዳስለቀሰኝ ቶሎ አልገባኝም ነበር። የሆነ ነገር ቢገኝ፣ የፈለገውን ያህል ክፉ ቢሆን፣ ያልቅልኝ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ማሳው አወረድነው። እኔ በረድፉ አቀብላለሁ፣ አያ ይመር ይክባሉ። ሽብልቁ ጋ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው አልሆን እያላቸው በግራ እጃቸው ያስገቡት ነበር፤ ይወላገድባቸዋል፣ ያወጡታል፣ እንደገና ይሞክራሉ፣ ማንም አልሳቀም። ሁለቱን የጎጆ ድንጋዮች ሳቀብላቸው ተቀብለው ጥቂት ያዟቸው። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ የሚያስፈራ ነበር። ጎርፉ ከተራራው ሲወርድ እትዬ ትርንጎ ዝናብ ውስጥ ቆመው ያዩት ነበር፤ ውሃው በዚያች ጎጆ እየወጣ ሄደ፣ አፈሩ ቀረ። በዚያ ዓመት ከቀዬው የተሰደደ የለም።

ጦርነቱ አለቀ። አንካሳ ሆኖ የተመለሰ አለ፣ ከምርኮ የተመለሰ አለ፣ ሱዳን ከርሞ የመጣ አለ። አራጋው አልመጣም። እኔ ወልድያ ሄድኩ፣ ሾፌር አገባሁ፣ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። በዓመት በዓል ስሄድ እትዬ ትርንጎን ሳልጠይቅ አልመለስም። ከዓመት ዓመት ሰው እርሙን ያውጡና ነፍሱ ትረፍ እያለ ይለምናቸው ነበር። መልሳቸው አንድ ነው፦ "ካቡ ሲፈርስ ኑ።" በየሚያዝያው ከድንጋዩ መሐል የበቀለውን ሣር በጥፍራቸው ይነቅሉታል፤ ሌላ ሰው አያስነኩም።

በአሁኑ ጦርነት ቀዬው እንደገና ወደ ግራና ሲሸሽ እሳቸው አልሄድም አሉ። በላይ በጉልበት ሊሸከማቸው ሞክሮ ነበር። አንዴ ሸሽቼ ልጄ መጥቶ አጣኝ፣ ሁለተኛ አላደርገውም ብለው በራቸውን ከፍተው ተቀመጡ። ተዋጊ እንደገና ተራራውን ያዘ፣ ድንጋይ እንደገና ከእርከን ተነቀለ። አንድ ወጣት ለምሽግ ሊነቅል ወደ እሳቸው ካብ ሲመጣ ሄደው ላዩ ላይ ቁጭ አሉ። እናትህ የት ናት ብለው ጠየቁት። ልጁ ቆሞ አያቸው፣ ተመልሶም ሄደ። ይሄን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። የማን ወገን ነበር ብዬ ብጠይቃቸው የእናቱ ወገን ነው አሉኝ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ ወደ መርሳ የወረድኩት ይሄን ሁሉ ይዤ ነው። ሽማግሌዎቹ ከድንኳኑ ጀርባ ወስደው አስቀመጡኝና ጠየቁኝ። መርዶ የሚነገረው ለቅርብ ሰው ነው፤ የቅርቡ ሰው ሳጥን ውስጥ ተኝቷል፣ ለማን ልናገር? አላውቅም ብል እውነት ነበር። ካቡም አልፈረሰም፣ እዚያው ማሳው ላይ አለ። ግን እናትየዋ ያለ ልጅ ልቅሶ፣ ልጁም ያለ እናት ልቅሶ ሊቀሩ ነው። ሞቷል አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ሴቶቹ በስሙ ጮኹ። የአራጋው ስም በልቅሶ ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አልቃሿ መጥታ ምን እያልኩ ላልቅስለት፣ ጀግና ነበር ወይ፣ ምን ሠራ ብላ ጠየቀችኝ። ካብ ይክብ ነበር አልኳት፣ ግራኝ ነበር። ጥቂት አሰበችና ጀመረች፦

ካቡስ ቆሞ ቀረ ከእናቱ ማሳ፣
ካቢውስ የት ወድቆ ማን ይሆን ያነሳ።

ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩለት። ለባሌ ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ፣ አላፍርም። ነጠላዬንም እስካሁን እንደ ሐዘንተኛ ነው የማጣፋው፤ ወፍጮ ቤት የሚመጡት ሴቶች ማን ሞቶብሽ ነው ይሉኛል፣ ዘመድ እላለሁ።

ሞቷል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እርሙም ወጥቷል፣ ከእንግዲህ የሚጠብቀው ሰው የለም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሐሳብ አላስቀምጥ ብሎኛል። ድንገት ቢመጣ፣ ሸምግሎ፣ በር ላይ ቆሞ ማነህ ቢባል፣ የእናቱን መርዶ የሚያረዳው ማን ነው? ከእኔ በቀር መልኩን የሚለይ የለም። ወፍጮው ሲጮህ ይውላል፣ እኔ ከምን እንደምጀምርለት አስባለሁ።